የማኅበር እናታችንን ካሜራው ላይ አየኋቸው

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ዕድሜዬ 36 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር አነስተኛ ሱፐር ማርኬት ከከፈትን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ሰው የፈለገውን ራሱ አንስቶ መጥቶ ይከፍላል።

ከጥቅምት ጀምሮ ዕቃ ይጎድልብን ጀመር። ዘይት፣ የሕፃን የዱቄት ወተት፣ ሳሙና። ቆጠራ ባደረግን ቁጥር አይገጥምም። መጀመሪያ የጠረጠርነው ሂሳብ የምትቀበልልንን ልጅ ነበር። ከስናን ገጠር የመጣች ልጅ ናት። ጉድለቱን ለአራት ወር ከደመወዟ ስንቆርጥ ቆየን። በመጨረሻ ባለቤቴ ካሜራ አስገባ።

በሁለተኛው ሳምንት ያየሁትን እስካሁን ማመን አልቻልኩም። እናቴ የምትጠጣው የማርያም ማኅበር አባል የሆኑ እናት ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህርት። ባለቤቴን አራተኛ ክፍል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ልጄን ክርስትና ስናስነሳ ወጡን ሲያማስሉ የዋሉት እሳቸው ናቸው። የወተቱን ቆርቆሮ አነሱ፣ ግራ ቀኝ አዩ፣ ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ለልጅቷ የሁለት ዳቦ ከፈሉ። እኔን ስመው፣ የልጆቼን ደኅንነት ጠይቀው ወጡ። እንዲህ ሲያደርጉ ሦስት ቀን አይቻቸዋለሁ። ሁለቱን ቀን ወተት ነው። አንዱን ቀን ግን የፊት ቅባት ነው።

ልጃቸው አረብ አገር ናት። ሕፃን ልጇን ለእሳቸው ትታ እንደሄደች ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ፎቶአቸውን ከቪዲዮው ላይ አውጥቼ በሩ ላይ ካልለጠፍኩ ይላል። የነጋዴዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይም ሊለቀው ይፈልጋል። «በእንቁላሉ ያልተቀጣ በበሬው ይመጣል» ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ፖሊስ ጋ ሂዱ ይላል። እናቴ ምንም አልሰማችም። እኔ ሳያቸው የሰረቅኩት እኔ ይመስል ዓይኔን እሰብራለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በ21 የማኅበሩ ተራ የእናቴ ነው። እሳቸውም ይመጣሉ። ምን ላድርግ?

የደብረ ማርቆሷ ባለሱቅ

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ዓይንሽ ላንሣ። የወሰዱት እሳቸው ሆነው ዓይንሽን የምትሰብሪው አንቺ መሆንሽ ግራ አጋብቶሻል። እኔ ግን ይገባኛል። የምናከብረውን ሰው ገመና ሳንፈልግ ስናይ እናፍርለታለን። አንቺ ስለ ራስሽ አላፈርሽም። አፈርሽላቸው። ልጅሽ ክርስትና ሲነሣ ከጭስ ጋር ሲታገሉ የዋሉትን ሴትና ካሜራው ላይ ያየሻትን ሴት አንድ ላይ ማስቀመጥ አቃተሽ። ማንንም ያቅተዋል።

ደግሞም ተናደሻል። «ተናደድኩ» የሚል ቃል ደብዳቤሽ ውስጥ የለም። «እኔን ስመው» ያልሽበት ቦታ ላይ ግን ይሰማል። ያቆሰለሽ ወተቱ ብቻ አይመስለኝም። ቆርቆሮውን ጋቢ ውስጥ ይዘው ጉንጭሽን መሳማቸው ነው። ንዴትሽን «ችግረኛ ናቸው እኮ» እያልሽ ቶሎ አታፍኚው። የታፈነ ንዴት ቦታ አይመርጥም። በ21 ጠላ ሲቀዳ፣ እናትሽ ባለችበት፣ በአንድ ክፉ ቃል ሊወጣ ይችላል። ለእኔ ጻፍሽው፤ ደግ አደረግሽ። ለባለቤትሽም ንገሪው። «እኔም እንዳንተ ተናድጃለሁ» ብትዪው፣ እሱን ለማብረድ ከምትሞክሪው በላይ ይበርድ ይሆናል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን የዳቦውን ሂሳብ ከእሳቸው የተቀበለችው ማን ነበረች?

ልጅቷ ናት። ከስናን የመጣችው። አንቺው ነሽ የጻፍሽልኝ። እሳቸው ለልጅቷ የሁለት ዳቦ ከፍለው ወጡ። ከካሜራው በፊት እንዲህ የጎደለው ዕቃ ዋጋ ደግሞ አራት ወር ሙሉ ከልጅቷ ደመወዝ ሲቆረጥ ቆየ። ካሜራ ገብቶ እውነቱን ካየሽ በኋላ ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ እሷ አንድም ቃል የለም። ገንዘቧ ተመለሰላት? ይቅርታ ተጠየቀች? ካሜራው ያሳየውን ታውቃለች? ወይስ ዛሬም ሱቁ ውስጥ ሌባ እንደሆነች ተቆጥራ ቆማ ትሸጣለች?

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። በትልቁ ድንጋጤ ውስጥ ትንሽ የመሰለው ነገር ይረሳል። የጠየቅሽኝ ስለ መምህርቷ ነው፤ እሱንም እመልስልሻለሁ። ግን መጀመር ያለብሽ ከልጅቷ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ የራሴን ቤት ታሪክ ልንገርሽ።

እናቴ ደምበጫ ሱቅ ነበራት። በእንጨት ባንኮኒ የተከለለች፣ ጨው፣ ስኳር፣ ሻማና አቡጀዲ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ። አንድ ቀን አንድ ጣቃ አቡጀዲ ጠፋ። የሚረዳት የገጠር ልጅ ነበር፤ 14 ዓመት ቢሆነው ነው። «አንተ ነህ» አለችው። በአባቴም በደንበኞችም ፊት። ልጁ አልተከራከረም። ማታ እራቱን ሳይበላ ተኛ። ጠዋት ስንነሣ የለም። ከሁለት ወር በኋላ ሱቁ ለፋሲካ ሲጸዳ ጣቃው ከጨው ጆንያዎቹ ጀርባ ወድቆ ተገኘ። እናቴ ወደ መንደሩ ሰው ላከች። ልጁ ወደ ቤቱም አልተመለሰም ነበር። የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም። እናቴን በሕይወቷ ብዙ ሰው በድሏታል። የዱቤ ገንዘቧን በልተው አገር የለቀቁ ነበሩ። እነሱን አታነሳቸውም ነበር። እስክትሞት ድረስ ስሙን የምታነሳው የዚያን ልጅ ነው።

የአንቺዋ ልጅ ግን አልሄደችም። እዚያው አለች። ነገ ጠዋት ታገኛታለሽ። እናቴ ያላገኘችው ዕድል አንቺ እጅ ላይ ነው።

በአገራችን ሌባ ፍለጋ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሰው ላይ ሲያርፍ ኖሯል። በድሮ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡና ይከተሉታል፤ እየተወላገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባልና ይከፍላል። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለውም ነበር። የአገሩ ሰው ሥራ ፈትቶ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው ካልታወቀ የጠፋውን ሁሉም አዋጥቶ ይከፍላል። አያቶቻችን ሲያወሩት የሰማሁት በምሬት ነው። ምሬቱም «ሌባው አመለጠ» ብለው አይደለም፤ «ያልነካሁትን ከፈልኩ» ብለው ነው። በዛሬው ሱቅ «ጉድለት» ተብሎ ከሠራተኛ ላይ የሚቆረጠውም ለእኔ ከዚያው የተለየ አይደለም። ብዙ ባለሱቅ ያደርገዋል፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ሕጉ ግን አይፈቅድም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ደመወዝ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ስምምነት ቢኖርም እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ማለፍ የለበትም። ልጅቷ ወረቀት ላይ ፈርማለች? አይመስለኝም።

«እሷም ወስዳ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ሊመጣብሽ ይችላል። ለባለቤትሽም ሊመጣበት ይችላል። እውነት ነው፣ ካሜራው ያሳየው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ግን ልጅቷን ስትቀጡ ምን በእጃችሁ ነበር? ከገጠር የመጣች መሆኗና በቅርብ መገኘቷ። ሌላ ምንም። ሳይረጋገጥባት የተወሰደባት ገንዘብ ይመለስላታል። ሌላ ጉድለት ካለ ሌላ ቀን ይጣራል።

አራቱን ወር ደምሪ። ገንዘቡን በፖስታ አድርጊው። ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ልጅቷን አስቀምጧት። «ተሳስተናል፤ አንቺ እንዳልወሰድሽ አሁን አውቀናል፤ ይቅርታ አድርጊልን» በሏት። ሰበብ አትጨምሩ። «ያኔ ሁኔታው እንዲህ ስለነበረ ነው» ማለት ይቅርታውን ያሳንሰዋል። ስትወቅሷት የሰማ ሌላ ሠራተኛ ወይም ዘመድ ካለ፣ እሱም ባለበት ይነገር። በሰው ፊት የተጣለባት ስም በጓዳ ብቻ አይነሣላትም። የወሰደው ማን እንደሆነ ግን አትንገሯት። እሱን ማወቅ አያስፈልጋትም፤ ሸክም ይሆንባታል። ካለቀሰች ታልቅስ። ከተቆጣች ትቆጣ። «ሥራውን እተዋለሁ» ካለችም መብቷ ነው።

ወደ ፎቶው ልመለስ። እባክሽ ባለቤትሽን አስቁሚው።

ንዴቱን አልንቅበትም። ምናልባት ከሁላችሁም በላይ የተጎዳው እሱ ነው። አራተኛ ክፍል ፊደል ያረሙለት፣ ደብተሩ ላይ በቀይ የጻፉለት መምህርቱ ናቸው። ልጅ እያለ «የሰው ነገር አይነካም» ያሉት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። አሁን እሳቸውን በዚያ ስክሪን ላይ አየ። ሐዘን ነው የያዘው። ሐዘኑ በቁጣ ወጣ እንጂ። አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ምን ተሰማህ?» ብለሽ ጠይቂው። «ምን እናድርግ?» ሳይሆን «ምን ተሰማህ?»።

ፎቶው ከተለጠፈ በኋላ የሚሆነውን ደግሞ አብራችሁ አስቡት። ደብረ ማርቆስ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ጠዋት በር ላይ የተለጠፈ ማታ አገር ያውቀዋል። ቴሌግራም ላይ የወጣ ደግሞ ብትሰርዙትም ሌላው ስልክ ላይ ይቀራል። ነገ እሳቸው ገንዘቡን ቢከፍሉ ፎቶው አብሮ አይመለስም። ያ ሕፃን አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ «የሌባዋ የልጅ ልጅ» የሚለው ልጅ አይጠፋም። በሕጉም በኩል ቢሆን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተከሶ ፍርድ ቤት የቆመ ሰው እንኳ ጥፋቱ በፍርድ እስኪረጋገጥ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይላል። እናንተ ከሳሽም ዳኛም ሆናችሁ በር ላይ ፍርድ ልትለጥፉ አትችሉም። መንገድ ላይ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ምን እንደሚከተል አይተሻል። ማን ምን እንደወሰደ ሳይጠይቅ የሚማታ እጅ ይበዛል። የፎቶው ነገርም ከዚያ አይለይም፤ እጁ በቃል ተተካ እንጂ።

የእንቁላሉን ተረት ግን እኔም እወደዋለሁ። ባለቤትሽ ያነሣው ነገር ውስጥ እውነት አለ። ልጁ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም አለች። አድጎ በሬ ሰረቀ። ሊሰቀል ሲል «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ ኖሮ» አላት። የእናትየዋ ጥፋት ምን ነበር? ልጇን አደባባይ አውጥታ ስላላዋረደችው ነው? አይደለም። ያየችውን እንዳላየች ስላለፈች ነው። ስለዚህ ዝም ማለትም አይቻልም። አንቺም በይሉኝታ ዝም ብለሽ፣ በየሳምንቱ እየሳሙሽ ሲወስዱ ማየት የለብሽም። መናገር አለብሽ። ለብቻ፣ ፊት ለፊት፣ በክብር።

እንዴት እንደምትናገሪ አብረን እናስብ።

ሱቅ ውስጥ አይሁን። በእናትሽ በኩልም አይሁን። ማኅበሩ ከመድረሱ በፊት አንድ ቀን ከሰዓት፣ ባለቤትሽ ሳይኖር፣ እቤታቸው ሂጂ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ የሚለው ልማዳችን እዚህ ጋ ያስቸግራል። ወተት ገዝተሽ ብትሄጂ ስድብ ይመስላል። ምንም ሳትይዢ ሂጂ። ሕፃኑን አቅፈሽ ሳሚው። ከዚያ ነገሩን አታዙሪው። «እትዬ፣ የመጣሁት ለከባድ ነገር ነው። ሱቁ ውስጥ ካሜራ አስገብተናል። ያለ ሂሳብ የወሰዱትን ዕቃ አይቻለሁ። እናቴ አልሰማችም። ማኅበሩም አልሰማም። ከእርስዎ አፍ መስማት ፈልጌ ነው» በያቸው። «ማንም አያውቅም» አትበይ። ባለቤትሽና ወንድምሽ ያውቃሉ፤ ውሸት ከገባበት ንግግሩ ይበላሻል። ይህን ብለሽ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል። አንቺ አትሙዪው። እሳቸው ይሙሉት።

ያለቅሱ ይሆናል። እግርሽ ላይ ሊወድቁም ይችላሉ፤ አንሻቸው። በዚያ ሰዓት ሆድሽ ይባባና «ይቅር፣ ተዉት፣ ምንም አይደለም» ልትዪ ትችያለሽ። አትበይ። ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ብትተዪላቸው ለዘላለም ዓይናቸውን ካንቺ ያሸሻሉ። መክፈል ክብራቸውን ይመልስላቸዋል። የሁለቱን ቆርቆሮና የቅባቱን ዋጋ ንገሪያቸውና «እንዴት ቢከፍሉ ይመችዎታል?» በያቸው። በወር 200 ብር ካሉ 200 ብር ይሁን። የመምህር ጡረታ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የካሜራው ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚከፈለው። የአራቱን ወር ዘይትና ሳሙና እሳቸው ላይ አትጫኚ። ሲወስዱ አላየሽም። ልጅቷ ላይ የተሠራው ስህተት እሳቸው ላይ አይደገም።

«እኔ? እንዴት ትደፍሪኛለሽ!» ሊሉም ይችላሉ። ዕድሜና ማዕረግ ያለው ሰው ሲደነግጥ ብዙ ጊዜ በቁጣ ነው የሚወጣው። አትከራከሪ። ስልክሽን አውጥተሽ ቪዲዮውን አታሳዪያቸው፤ ያኔ ውይይቱ ጦርነት ይሆናል። «እሺ እትዬ። ያየሁትን ነው የነገርኩዎ። አስበውበት ይደውሉልኝ» ብለሽ ተነሺ። የአንድ ሳምንት ጊዜ ስጪያቸው። ካልደወሉ፣ እናንተና እሳቸው አንድ ነፍስ አባት ካላችሁ እኚያን አባት ብቻ ማማከር ትችያለሽ። ሦስት አራት ሽማግሌ አትሰብስቢ። ለእንዲህ ዓይነት ነገር አንድ አዋቂ ይበቃል፤ ከአንድ ሲበልጥ ወሬ ይሆናል።

የወንድምሽ ሐሳብ ስህተት አይደለም። ስርቆት ወንጀል ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 በቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከነገርሻቸው በኋላ ተመልሰው ቢወስዱ ፖሊስ ጋ ብትሄጂ ማንም ሊፈርድብሽ አይገባም። እኔም አልፈርድብሽም። ለሁሉም ሌባ ደግሞ እቤቱ ሂጂ አልልሽም። ሁለት ሦስት ሆነው ገብተው፣ አንዱ ባንኮኒው ጋ ወሬ እየያዘ ሌላው ቦርሳ የሚሞላ አለ። እነሱ ሥራቸው አድርገውት ነው የሚመጡት። ለእነሱ ቪዲዮውን ይዘሽ በቀጥታ ፖሊስ ጋ ነው። የአሁኑንም ቪዲዮ አንድ ቦታ አስቀምጪው። ብዙ ካሜራ አሮጌውን ቀረጻ በራሱ እየሰረዘ ይሄዳል። ግን አንቺና ባለቤትሽ ብቻ በምታውቁት ቦታ ይሁን።

ስለ ቅባቱም ልናገር፤ እንዳስጨነቀሽ አውቃለሁ። ወተቱን ስታስቢ ታዝኛለሽ። ቅባቱ ሲመጣ ሐዘንሽ ይቆማል። «ይሄስ ለምን?» ትያለሽ። እኔም መልሱን አላውቅም። ምናልባት ለዓመታት ለራሳቸው ምንም ያልገዙ ሴት ናቸው። ምናልባት አንዴ ከተለመደ በኋላ እጅ ይቀላል። ሳያስፈልጋቸው መውሰድን መተው የሚያቅታቸው ሰዎችም አሉ፤ እሱ ሕመም ነው፤ ሐኪም ያየዋል። በዕድሜ የሚመጣ የመርሳት ሕመም ደግሞ ሰውን ሳይከፍል ሊያስወጣው ይችላል፤ ግራ ቀኝ አይተው ስለሆነ ይህ የሳቸው አይመስልም እንጂ። አንቺ ግን ምክንያቱን መገመት የለብሽም። ጠይቂያቸው። «ወተቱ ይገባኛል፤ ሌላውስ ምን ሆነው ነው?» ብለሽ በለሰለሰ ድምፅ ብትጠይቂ፣ ማንም ጠይቋቸው የማያውቀውን ነገር ይነግሩሽ ይሆናል። ልጃቸው ገንዘብ መላክ አቁማ ሊሆን ይችላል። ከልጃቸው ወሬ ከሰሙ ቆይቶም ሊሆን ይችላል።

ሕፃኑ ወተት እንደሚያስፈልገው ግልጽ ነው። እናቱ የለችም። የዱቄት ወተት ዋጋ ደግሞ አንቺ ነሽ የምትሸጪው፣ ታውቂዋለሽ። ዕዳቸውን ከመዘገብሽ በኋላ ለሚመጣው ወር የሚሆን ወተት በዱቤ ልትሰጫቸው ትችያለሽ? ከቻልሽ ስጫቸው፤ ካልቻልሽ አትሰጪ። ልጁ ከስድስት ወር ካለፈው ከወተቱ ጎን ገንፎና ሌላ ምግብ መጀመር ስላለበት ጤና ጣቢያ ቢያሳዩት ወጪውም ሊቀንስላቸው ይችላል። እድራችሁም ለሞት ብቻ መሆን የለበትም። ስማቸው ሳይነሣ «እናቱ ውጭ የሄደች ሕፃን የሚያሳድጉ አያቶችን እንርዳ» የሚል ሐሳብ አንድ ቀን ብታቀርቢ፣ እንደ እሳቸው ያሉ ሌሎችም ሳይወጡ አይቀሩም። በየቀበሌው አሉ።

ስለ ሱቁም ጥቂት ልበል። እናቴ ሱቅ ውስጥ ስርቆት ብዙ አልነበረም። የዚያን ዘመን ሰው የተሻለ ሆኖ አይደለም። ባንኮኒው ስለነበረ ነው። ዕቃ የፈለገ ሰው እናቴን ስሟን ጠርቶ መጠየቅ ነበረበት። ብር የሌለው ሰው ሱቁ ባዶ እስኪሆን ይጠብቅና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስከ ወር መጨረሻ ያዢልኝ» ይላል። እሷም ዱቤ ደብተሩን ታወጣለች። ማፈሩ ነበረ፤ ግን የሚነገረው ሰው ነበር። እናንተ ጋ ዕቃው ለሰው ቀርቧል። ባለሱቁ ግን ርቋል። መምህርቷ «ያዙልኝ» ለማለት ቢፈልጉ መደርደሪያዎቹ መካከል ለማን ይናገራሉ?

ስለዚህ የዱቄት ወተቱን ከመደርደሪያው አንሥተሽ ከሂሳብ መቀበያው ጀርባ አድርጊው። ውድ ዕቃ ነው፤ እዚያ መሆኑ ማንንም አያስቀይምም። የፈለገ ይጠይቃል፤ ስትሰጪው ታወሪዋለሽ። ካሜራ እንዳለ በሩ ላይ በግልጽ ጻፊ። ሰውን ከመያዝ ገና ሳያደርገው ማስቀረት ይሻላል። የሚገባውን ሰው ሁሉ ልጅቷም አንቺም ሰላም በሉ፤ የታየ ሰው እጁ ይከብዳል። ትንሽ የዱቤ ደብተርም ክፈቺ። ለሁሉም አይደለም፤ ለምታውቂያቸው፣ በልክ። ቆጠራውን በወር ሳይሆን በየሳምንቱ አድርጉት። ጉድለት ሁሉ ስርቆት አይደለም። ከአከፋፋይ ጎድሎ የሚገባ ካርቶን አለ። የተሳሳተ ዋጋና መልስ አለ። ቀኑ አልፎ ተጥሎ ያልተመዘገበ ዕቃ አለ። እናንተ ቤት የጠፋው ዘይት ከነዚህ በአንዱ የሄደ ሊሆን ይችላል።

ማኅበሩስ? እስከዚያ ካነጋገርሻቸው፣ ይምጡም ይቅሩም የሳቸው ውሳኔ ነው። ከመጡ እንደ ሌላው ሁሉ ጠላ ቅጂላቸው፣ ዳቦ ቁረሺላቸው። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ትገጣጠማላችሁ። አትሽሺ። ከቀሩና እናትሽ «እከሊት ምን ሆና ቀረች?» ብትልሽ «ልጁ አስቸግሯቸው ይሆናል» ማለት ይበቃል። ያም ውሸት አይሆንም። ለእናትሽ የሚነገር ነገር ካለ መምህርቷ ራሳቸው ይንገሯት። የሳቸው ገመና ነው።

ከእሳቸው ጋር የምታደርጊውን ንግግር አትቸኩዪበት። ሁለት ሦስት ቀን አስቢበት፤ ቃሉን ለብቻሽ ሆነሽ ተለማመጂው። ባለቤትሽም እስኪረጋጋ ጠብቂ። የልጅቷን ፖስታ ግን ነገ ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት በፊት ስጫት።